ባሌ፣ ቢኤስዲና የእትዬ ሰዒዳ ይግባኝ

ባሌ ሙሐመድዘይን ክፉ ሰው አይደለም፤ ወላሂ አይደለም። ግትር ነው እንጂ። ከሚሴ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግነው ሁሉ ዊንዶውስ ሲጭን፣ እሱ በኛ ጽሕፈት ቤት ሁለት ማሽኖች ላይ ቢኤስዲ የሚሉትን፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሌላ ሶፍትዌር ጫነ። እሱ ይጠግናል፤ እኔ ባማርኛም በኦሮምኛም ማመልከቻ እጽፋለሁ።

እውነቱን ልናገር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ማሽኑ አንድ ቀን ቀጥ ብሎብኝ አያውቅም። የከተማው ፍላሽ በቫይረስ ሲተራመስ እኛ ጋ ወፍ የለም። "ይኼ ባንድ ግንበኛ እጅ ከመሠረት እስከ ጣሪያ የቆመ ቤት ነው። ሊኑክስ ግን የደቦ ቤት ነው፤ አንዱ ማገር፣ ሌላው ጭቃ ያመጣበት" ይላል ባሌ። ሊኑክስም እንደ ቢኤስዲ ያለ ሌላ ሶፍትዌር ነው፤ ጓደኛው ጀይላን ደግሞ የሊኑክስ ሰው ነው። "የደቦ ቤት ምን አለው? እንግዳ ቢመጣ የሚያውቀው ሰው አያጣም" ብሎ ይመልስለታል። አንድ ቀን ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዲስክ ትቶልን ሄደ፤ ባሌ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው።

በ2002 አንድ ሐሙስ እትዬ ሰዒዳ የሚባሉ እናት ከሰንበቴ ከተማ በኩል መጡ። ወንድማቸው የአባታቸውን መሬት ይዞባቸዋል፤ ፍርድ ቤቱም ለሱ ፈርዶለታል፤ የይግባኙ ጊዜ የሚያልቀው ያን ዕለት ነው። ይግባኙን ጻፍኩላቸው። አሮጌው ፕሪንተራችን በዚያ ሳምንት ተበላሽቶ አዲስ ገዝተን ነበር፤ ቢኤስዲው አላውቀውም አለ። ሌላ ጽሕፈት ቤት ልውሰዳቸው ብል፣ "ደንበኛ ከደጄ ወስደሽ ልታዋርጅኝ ነው?" አለ ባሌ።

"አሥር ደቂቃ ብቻ" አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ አሥር ሰዓት አለፈ። መመሪያውን እያነበበ ይጽፋል፣ ያጠፋል። ደሜ ፈላ።

"አንተ ሰው፣ የጀይላንን ዲስክ አስገባ! ሳይጫንም ይሠራል ብሏል እኮ!"

"ቢኤስዲ ልክ ነው፤ ጥፋቱ ለሱ የሚሆን ፕሮግራም ያላወጡት የፕሪንተር ሠሪዎቹ ነው" አለኝ። እውነቱን ነበር፤ እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

እትዬ ሰዒዳ ጥግ ተቀምጠው ሲሰሙን ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ኢልመ ኮ፣ ልጄ" አሉት፤ "ወንድሜም እኮ ሁልጊዜ ልክ ነው። ልክ ስለሆነ ማንንም አይሰማም።"

ባሌ አንገቱን ደፋ። ማመልከቻውን በፍላሽ ገልብጦ ዲስኩን በኔ ማሽን አስገባ። ሊኑክሱ ተነሳ፤ ፕሪንተሩን ወዲያው አወቀው፣ ወረቀቱም ወጣ። ባጃጅ ይዤላቸው ወደ ፍርድ ቤት በረርን። ጸሐፊዋ በሩን ልትቆልፍ ስትል ደረስን፤ ማኅተም ተመታበት። አልሃምዱሊላህ!

ስመለስ የራሱን ማሽን በቢኤስዲ ከፍቶ እየሠራ ነው። ይወደዋል፤ እኔም አልፈረድኩበትም። የኔ ማሽን ግን እንደጠፋ ነው። ወንበሬን ሳበልኝና፣ "አሻ፣ ባንቺኛው ላይ የቱን ልጫን? አንቺ የቱ ይሻልሻል?" አለኝ።

ስድስት ዓመት በዚያ ማሽን ስጽፍ ጠይቆኝ አያውቅም። እንባዬ መጣ። "ቆይ፣ ላስብበት" አልኩት።