ልጄን የከለከልኳት ብረት

ልጄ ቦክስ የጀመረችው በእኔ ምክንያት ነው። የተወችውም በእኔ ምክንያት መሆኑን ግን ለረጅም ጊዜ ከእኔና ከአንዲት ሴት በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሪያድ ውስጥ አንድ የሴቶች ስፖርት ቤት አጸዳለሁ። ከምንኖርበት ከመንሱራ ሰፈር በአውቶብስ እሄዳለሁ። ልጄ ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ክፍላችን ውስጥ ብቻዋን እንድትቀመጥ አልፈቅድም ነበር። ባሌ ሹፌር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ሕንፃችን ውስጥ የሚወጣውና የሚወርደው ሰው ብዙ ነው። ሁሉም ክፉ ነው አልልም፤ እኔ ግን በሩን ሁለቴ ቆልፌ ወጥቼ፣ መቆለፉን ለማየት ከመንገድ የምመለስ ሴት ነኝ። ስለዚህ ወደ ሥራዬ ይዣት እሄድ ነበር። እኔ መስታወቱንና ወለሉን ስወለውል እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

የቦክስ አሰልጣኟ ቱኒዚያዊት ነበረች። ቀጭን፣ ድምጿ የጎረነነ፣ ስትስቅ ግን እንደ ልጅ የምትስቅ ሴት። ሁሉም ካፕቴን ይሏታል። እኔን ኻላ ትለኛለች፤ አክስት ማለቷ ነው። አንድ ቀን ልጄን ከጥግ አስነስታ ጓንት አጠለቀችላት። ጓንቱ ለልጄ እጅ ትልቅ ነበር። የመታችው የመጀመሪያው ቡጢ ከረጢቱን እንኳ አላወዛወዘውም፤ የልጄን ፊት ግን አበራው። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

አብራኝ የምታጸዳው የወሎ ልጅ ትስቅብኝ ነበር።

«እህቴ፣ ልጅሽን ልትድሪያት ነው ወይስ ልታዋጊያት?» ትለኛለች።

«ራሷን ትከላከል» እላለሁ።

«ከማን? ከባሏ? ያረቢ፣ እሱን ነው ማስጠንቀቅ!»

ቡጢውን አልፈራሁትም ነበር። ሰው ይገርመዋል፤ እውነቱ ግን ይህ ነው። የጭንቅላት መከላከያ ያጠልቃሉ፣ አሰልጣኟ ታያለች፣ አፍንጫ ቢደማ ይደርቃል። እኔ የፈራሁት ከቦክሱ ጎን ያለውን ብረት ነው። ሴቶቹ ትከሻቸው ላይ ጭነው ቁጢጥ ብለው የሚነሱትን፣ ከወለል የሚያነሱትን ያንን ክብደት።

ፍርሃቴ ከየት እንደመጣ ልናገር። ወደዚህ አገር ስመጣ በገባሁበት ቤት የእመቤቴ እናት ሽባ ነበሩ። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ፣ ከመታጠቢያ ወደ አልጋ ብቻዬን አነሳቸው ነበር። አራት ዓመት አነሳኋቸው። ወገቤ የተበላሸው የዚያን ጊዜ ነው። በኋላ አግብቼ ከዚያ ቤት ወጣሁና የመጀመሪያዬን ፀነስኩ። በአራተኛው ወር ጋዝ አለቀ፣ አሳንሰሩ ተበላሽቷል፣ ባሌ የለም። ሲሊንደሩን አቅፌ ሦስተኛ ፎቅ አወጣሁት። በማግስቱ ደም አየሁ። ሐኪሙ፣ «ይህ ያለ ምክንያትም ይመጣል፤ ከጋዙ ነው ማለት አይቻልም» አለኝ። ሊጠይቁኝ የመጡት ያገሬ ሴቶች ደግሞ፣ «ከባድ አንስተሽ ነው» አሉ። የሐኪሙ ቃል በዐረብኛ፣ የሴቶቹ በአማርኛ ስለነበር ይሁን አላውቅም፣ ውስጤ የቀረው የሴቶቹ ነው። ልጄ ከዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ ተወለደች። ከእሷ በፊት ሌላ እንደነበረ ነግሬያት አላውቅም ነበር።

ልጄ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት ካፕቴኗ፣ «አሁን ብረት ትጀምራለች» አለችኝ። የዚያን ቀን ወለሉን ሁለቴ አጠብኩት። ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ጠበቅኳት።

«ካፕቴን፣ ልጄ አንድ ናት» አልኳት። «ብረት አታስነሺብኝ።»

ሳቀች። «ኻላ፣ በልኩ ነው የምታነሳው። አይጎዳትም። ቡጢዋ ፈጣን ነው ግን ቀላል ነው፤ ይጠቅማታል።»

እጇን ያዝኩ። «አማና አልኩሽ። አንገትሽ ላይ ናት። እኔ እንደጠየቅኩሽም እንዳትነግሪያት።»

አማና አደራ ማለት ነው፤ ይህንን ቃል እዚህ አገር እንደዋዛ አይሉትም። ሰው አማና ብሎ አንገትህ ላይ ካደረገ በኋላ መጣል አይቻልም። እኔ ይህንን አውቄ ነው ያልኩት። ሳቋ ጠፋ። «ኸላስ፣ ኻላ፤ እሺ» አለችኝ።

ልጄ በሳምንቱ ወደ ብረቱ ስትሄድ ካፕቴኗ መለሰቻት። «ብረት ያዘገያል። ጡንቻ ያደርቃል። አንቺ ፍጥነትሽን ጠብቂ» አለቻት። ከኋላ ሆኜ መስታወት እየወለወልኩ ሰማሁ። ያች ሴት ስትዋሽ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የዋሸችውም ለእኔ ነው።

ልጄ ግን ነገር የምታብላላ ናት። ስልኳ ላይ ስታገላብጥ ትቆይና ትጠይቀኛለች።

«እማ፣ አንዳንዱ ብረት የሚያነሳ ቦክሰኛ ጠንክሮ ይመታል ይላል። አንዳንዱ ይደርቃል ይላል። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔ አራተኛ ክፍል የቀረሁ ምን አውቃለሁ?»

«ዕቃ ስታነሺ ኖረሽ የለ እንዴ!»

«እንግዲያው የሰፈራችንን ጋዝ አመላላሽ እይው» አልኳት። «ሁለት ሲሊንደር ባንዴ ያነሳል። ዝንብ ሲያርፍበት ግን እጁ እስኪነሳ ዝንቡ ጉዳዩን ጨርሶ ይሄዳል።»

እስኪያማት ሳቀች። አመነችኝም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ውድድሩ መጣ። ስፖርት ቤቱ ሌላ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነበርና በየክብደታቸው ከሚያሸንፉት መካከል ረዳት አሰልጣኝ እንደሚቀጥር ተናገረ። ለሌሎቹ ልጆች ይህ ጨዋታ ነበር። የልጄ ግን ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በአባቷ ስር የተንጠለጠለ ነው፤ በራሷ ሥራ፣ በራሷ ወረቀት የምትቆምበት መንገድ ይኸው ነበር። እንደኔ የሰው ቤት ሳትገባ። ይህንን እሷም አባቷም እኔም እናውቅ ነበር፤ ቤታችን ውስጥ ለሁለት ወር ሌላ ወሬ አልነበረም።

ዓርብ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ነው የተጋጠሙት። ሴቶች ብቻ ስለሆኑ ፎቶ እንዳይነሳ ስልካችንን በር ላይ በትናንሽ ከረጢት ሰብስበው ወሰዱ። እኔ ውሃዋንና ፎጣዋን ይዤ ከገመዱ አጠገብ ቆምኩ። የተጋጠመቻት ልጅ ከእሷ አጭር ናት፣ ጭኗ ግን ወፍራም ነው። በመጀመሪያው ዙር ልጄ ታምር ነበረች። እጇ አይታይም። ሁለቴ ሦስቴ ትመታና ትርቃለች። የምትመታት ልጅ ግን ፊቷ እንኳ አይዞርም። ዝናብ እንደነካው ሰው ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ወደፊት ትመጣለች። በሁለተኛው ዙር ያቺ ልጅ አንድ ጊዜ ጎኗን መታቻት። ድምፁን ሰማሁት። ልጄ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄደችና ዓይኗ እኔን ፈለገ። ከዚያ በኋላ መምታቷን አላቋረጠችም፤ ግን እየሸሸች ነበር። ዳኛዋ የሌላኛዋን እጅ አነሳች።

ከገመዱ ስትወጣ የሌላኛዋ ልጅ አሰልጣኝ፣ ፀጉሯን ሽበት የነካት ሴትዮ፣ ወደ ልጄ መጣችና ክንዷን በጣቷ ተጫነች።

«ማሻአላህ፣ እጅሽ ቀድሞ ይደርሳል» አለቻት። «ግን ባዶውን ነው የሚደርሰው። ብረት አታነሺም?»

«ያዘገያል ተብዬ» አለች ልጄ።

ሴትዮዋ ሳቀች። «ድሮ እንዲህ ይባል ነበር። ብረት ብቻውን ቡጢ አይሆንም፤ ክንዱን አሳብጦ የሚመጣ አለ፣ ምንም አይፈይድም። ቡጢ የሚነሳው ከእግር ነው፣ በወገብ ዞሮ ነው እጅ የሚደርሰው። ብረቱ እግርሽንና ጀርባሽን ያጠነክራል። ከዚያ ፍጥነትሽ ሲጨመርበት ነው። ማነው የከለከለሽ?»

ልጄ ዞራ ካፕቴኗን አየቻት። ካፕቴኗ ደግሞ እኔን አየችኝ። አንድ ቃል ከእኔ ትጠብቅ ነበር፤ ዓይኗ ላይ አነበብኩት። እኔ የውሃውን ጠርሙስ ክዳን ከፈትኩ፣ መልሼ ገጠምኩ። ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ።

«እኔ ነኝ» አለች ካፕቴኗ።

ልጄ ያላለቻት የለም። «አንቺ ነሽ ያበላሸሽኝ። ሁለት ዓመት ዋሽተሽኝ!» አለቻት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ምናልባት ብረት አንስታም ቢሆን ልጄ ትሸነፍ ነበር፤ ያቺ ልጅ ጥሩ ነበረች። ይህንን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። የጠርሙሱን ክዳን የከፈተውና የገጠመው እጅ ግን የእኔ ነው።

ልጄ ጓንቷን ሁለተኛ አላጠለቀችም። ካፕቴኗም ውሏ ሲያልቅ ወደ አገሯ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ዕቃ ቤት ድረስ መጣች። ባልዲዬን አስቀምጬ ቆምኩ።

«ኻላ፣ አማናሽን መልሼልሻለሁ» አለችኝ፣ አንገቷን በእጇ እየነካች። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ግንባሬን ስማኝ ወጣች።

ልጄ ቤት ውስጥ ስትቀመጥ ጥቂት ወራት አለፉ። ከዚያ ባሌ የሚነዳላቸው ሰዎች፣ ዘመዳቸው የሆኑ አሮጊትን የምትረዳ ልጅ እንደሚፈልጉ ነገሩት። ጧት ሄዳ ማታ የምትመለስበት ሥራ ነበር። «እገባለሁ» አለች ልጄ። ምን እንደምትሠራ አልጠየቅኩም። የጠየቅኩ ጊዜ የምሰማውን ስለማውቅ ይመስለኛል።

አንድ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ወገቧን በእጇ ደግፋ ገባች። አረማመዷን ሳይ የራሴን አረማመድ አየሁት።

«ምን ሆነሽ?»

«አሮጊቷ ከብደውኝ ነው። ከአልጋ ወደ ወንበር።»

ከብረት ስጠብቃት ኖሬ የሰው ገላ ተሸክማ መጣች። ተቀምጬ ማልቀስ አማረኝ፤ ግን የማውቀው አንድ ነገር ነበር። ያን ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት፣ ወገቤ ከተበላሸ በኋላ፣ አንዲት ነርስ ለእመቤቴ እናት መርፌ ልትወጋ መጥታ ሰው እንዴት እንደሚነሳ አሳይታኝ ነበር፤ ለእኔ ዘግይቶ ነው እንጂ። ፍራሹ ላይ ተጋደምኩ።

«አንሺኝ» አልኳት።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

«አንሺኝ ነው የምልሽ። አሮጊቷ እኔ ነኝ። አትጎንበሺ! እግርሽን ክፈቺ። ጉልበትሽን እጠፊ። ወደ ደረትሽ አስጠጊኝ። አሁን በወገብሽ ሳይሆን በእግርሽ ተነሺ።»

ተነሳች። እንደ ሕፃን አቅፋኝ ቆመች። ፊቷ ፊቴ ላይ ነበር፣ ከስንት ወር በኋላ ፈገግ አለች።

«እማ፣ ይኼ እኮ ስኳት ነው፣ ብረት ጭነው ቁጢጥ ብለው የሚነሱት! ካፕቴን የከለከለችኝ ራሱ ነው!»

«እሷ አይደለችም» አልኩ። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ በአማና ያሰርኳት። ብረቱን ልታስነሳሽ ነበር።»

አልጣለችኝም። ጉልበቷን አጥፋ፣ እንዳሳየኋት አድርጋ፣ ቀስ ብላ ፍራሹ ላይ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ስለ ጋዙ ሲሊንደር፣ ከእሷ በፊት ስለነበረው ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«ብረቱን ፈርተሽ ነው፤ እሺ» አለች በመጨረሻ። «እሱን እረሳዋለሁ። ያን ቀን ግን እዚያው ቆመሽ ነበር። ውሃዬን ይዘሽ። እሷን ስሰድባት እየሰማሽ።»



ስልኳን አወጣችና ለካፕቴኗ የድምፅ መልእክት መቅዳት ጀመረች። በዐረብኛ ነው፤ እሷ እንደዚህ አገር ልጅ ነው የምትናገረው፣ ሁሉንም አልያዝኩትም። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋች።

«አንቺም ተናገሪ» አለችኝ።

የእኔ ዐረብኛ የወጥ ቤት ነው። አምጪ፣ ውሰጂ፣ አንሺ፣ አስቀምጪ የሚሉትን አውቃለሁ። ስለ ልብ የሚወራበትን አልተማርኩም። አንድ ቃል ግን ነበረኝ። ብርጭቆ ሲሰበር፣ ሸሚዝ ሲቃጠል፣ ወጥ ሲያር፣ እመቤቶቼ ፊት ስንት ዓመት ያልኩት። ልጄ ፊት ብዬው አላውቅም ነበር።

«አና ገልጣና» አልኩ ስልኩ ውስጥ። ከዚያ ስልኩን ዝቅ አድርጌ ወደ ልጄ ጀርባ ዞርኩና በአማርኛ ደገምኩት፤ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ጀርባዋ አልዞረም። እጇ ግን ወደኋላ መጣና ስልኩን ከእጄ ወሰደ።