አክስቴ ልባቸውን ሰላም ያሉበት ቀን

ከአክስቴ ጋር ኮልፌ ፌርማታ ለመድረስ ትዕግሥት ያስፈልግ ነበር። ሰላም ሳይሉት የሚያልፉት ሰው አልነበረም። በዚያ በደርግ ዘመን ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ፣ እሳቸው ጠመንጃ ያነገተውን የቀበሌ ጥበቃ ሳይቀር አቁመው «እናትህ ተሻላቸው?» ይሉት ነበር።

«እትዬ፣ አውቶቡሱ ያመልጠናል» እላቸዋለሁ።

«ሌላ ይመጣል። ይሄን ልጅ መልሼ መቼ አገኘዋለሁ?»

ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው ከዛለ በኋላም ሰላምታውን አልተዉትም፤ ይቅርታ እየጠየቁ ግራቸውን ይዘረጉ ነበር። ሐኪሙ፣ ጭንቅላታቸው ውስጥ የደም ሥር የዘጋው የረጋ ደም ከልባቸው ተነሥቶ እንደሆነ ለማወቅ፣ ልባቸው በአልትራሳውንድ ይታይ አለ። መሣሪያው ገና አዲስ የገባ ነበር። ባለሙያው ደረታቸውን ቀዝቃዛ ነገር ቀብቶ መሣሪያውን ሲያስጠጋ፣ ቴሌቪዥን በሚመስለው ማሳያ ላይ አንድ ነገር ሲከፈትና ሲዘጋ አየን። እኔ ፈራሁ።

«ይቺ ናት?» አሉ አክስቴ።

«አዎ እማማ፣ ልብዎ ናት።»

ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ከተጋደሙበት ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንደምን አለሽ? ይኸን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቅሽ» አሏት። ባለሙያው ሥራውን ትቶ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ቀጥለው የእሱን እናት ደኅንነት ጠየቁት።

ከዚያ በኋላ በሕይወት ብዙም አልቆዩም።

አሁን ብቻዬን ስወጣ ፌርማታ ቶሎ እደርሳለሁ። አንድም አውቶቡስ አምልጦኝ አያውቅም። ምነው ባመለጠኝ።