በሩን የከፈትኩላት ተናጋሪ

ስለ ኮምፒውተር የማውቀው አቧራውን መጥረግ ብቻ ነበር። ዲላ ውስጥ ባለ አንድ ማሰልጠኛ ተቋም በጽዳት ሠራተኝነት ከተቀጠርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። በእርጥብ ጨርቅ እንደማይነካ፣ ገመዱ እንደማይነቀል፣ ክዳኑ ላይ ብርጭቆ እንደማይቀመጥ አውቃለሁ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገር ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ያስፈራኛል።

አንድ ቀን ኃላፊያችን ሰብስቦን «ቅዳሜ ሀከሮች ይመጣሉ» አለን። ስለ ኮምፒውተር ደህንነት ንግግር የሚያደርጉ ሰዎች ከአዲስ አበባም ከዚሁ ከተማም ተጋብዘዋል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ይመጣሉ። አብራኝ የምታጸዳው እትዬ ዝም ማለት አይሆንላትም።

«ሀከር ማለት ሌባ አይደለም እንዴ? ሌባ ጠርተን ሻይ ልናፈላለት ነው?»

«እነዚህ ሌባ እንዴት እንደሚገባ የሚያስተምሩ ናቸው» አላት ኃላፊው እየሳቀ።

«እሱማ የባሰ ነው!»

እትዬ እናቴ ልትሆን የምትችል ሴት ናት። ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው ብቻዋን፣ በዚህችው ሥራ ነው። ዋናው ኮምፒውተር የሚቀመጥበትን፣ ሰርቨር ክፍል የሚሉትን፣ ቁልፍ በየተራ የምንይዘው እኔና እሷ ነበርን። የቅዳሜ ጠዋት ተራ የእሷ ነበር። ግን ትንሹ ልጇ ሌሊቱን ሲያተኩሰው አደረና ጠዋት ቁልፉን እጄ ላይ ጣለችው።

«ጤና ጣቢያ አድርሼው እመጣለሁ። ልንገራቸው ወይስ ልሂድ?»

«ሂጂ» አልኳት። ለማንም ሳትናገር ሄደች።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። ኮሪደሩን እየወለወልኩ ሳለ አንዲት ወጣት ሴት ሁለት ሳጥን ደራርባ፣ አገጯን ላዩ ላይ አስደግፋ መጣች። ፀጉሯ አጭር ነው፣ አንገቷ ላይ የእንግዳ መታወቂያ፣ ትከሻዋ ላይ ቦርሳ ተንጠልጥሏል።

«እህቴ፣ በናትሽ፣ እጄ ተቆረጠ! ይሄን ክፍል ክፈቺልኝ።»

መወልወያውን ጥዬ የላይኛውን ሳጥን ተቀበልኳትና የሰርቨር ክፍሉን በር ከፈትኩ። ገባች፤ እኔ ኮሪደሩን እያየሁ ደፉ ላይ ቆምኩ። ውስጥ የቆየችው አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪቀዳ ቢሆን ነው። ሳጥኖቿን መልሳ ይዛ ስትወጣ ግን መንገዱን ዘጋሁባት።

«ይቅርታ፣ ቦርሳዎን ልየው?»

ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። «አንቺ በይኝ» አለችና ቦርሳዋን ከፈተች። ስልክ፣ ማበጠሪያ፣ ደብተር። ከእኛ ዕቃ አንድም የለም፤ የሳጥኖቹም ፕላስተር አልተነካም። በሩን ስቆልፍ ሥራዬን በሚገባ እንደሠራሁ ተሰምቶኝ ነበር።

ዲላ ከመግባቴ በፊት አሪቻ አካባቢ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ለቀማ እሠራ ነበር። እዚያ ቅርጫት ተሸክሞ የሚገባን ሰው ማንም አያስቆምም፤ ዘበኛው ራሱ መዝጊያውን ይከፍትለታል። ፍተሻው ስንወጣ ነው። ኪሳችን፣ የሻሻችን እጥፋት፣ ጫማችን ሳይቀር ይታያል። ቡና የሚጠፋው ሲወጣ ነው፤ ከቤቱ አምጥቶ የሚጨምር የለም። እኔም ጥበቃ ማለት ይሄ ይመስለኝ ነበር።

ንግግሮቹ ሲጀመሩ ከኋላ፣ ከውኃው ጠረጴዛ አጠገብ ትሪ ይዤ ቆሜ ሰማሁ። ይገባኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የመጀመሪያው ባለ መነጽር ልጅ ግን «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል መልእክት በግድግዳው ላይ በትልቁ አሳየና «ይሄ ስልኩ ላይ ያልገባበት እጁን ያውጣ» አለ። ማንም አላወጣም። ከዚያ መልእክቱን የጻፈው ሰው ምን አስቦ እያንዳንዱን ቃል እንደመረጠ፣ ለምን «ዛሬ ብቻ» እንዳለ፣ አንድ በአንድ ፈታታው። የእናቴ ስልክ ላይ የገባው ያው ነበር። እኔ ነበርኩ በጌዴኡፋ ተርጉሜ ያነበብኩላት፤ ሁለታችንም ተደስተን ነበር።

ሁለተኛው የዚሁ አገር ልጅ ነው። አማርኛው እንደ እኔው አማርኛ የጌዴኦ ቃና አለው፤ እሱ ግን አላፈረበትም። የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጥ አንድ ድረ ገጽ ላይ የሁሉም ተሳፋሪ ስልክ ቁጥር ለማንም እንደሚታይ አግኝቶ ነበር። ለባለቤቶቹ ጻፈ፤ አልመለሱም። ደግሞ ጻፈ። በመጨረሻ ቢሯቸው ድረስ ሄዶ ነገራቸው፤ እስኪያስተካክሉትም ለጓደኛው እንኳ ሳይተነፍስ ቆየ። እንዲህ ያለ ነገር እያወቁ ዝም ማለትንም፣ ለሚመለከተው ሰው ፊት ለፊት መናገርንም አንድ ላይ የያዘ ልጅ አይቼ አላውቅም። ትሪዬን ብብቴ ሥር አድርጌ አጨበጨብኩለት።

ከምሳ በኋላ ወደ መድረኩ የወጣችው ያቺ ባለ አጭር ፀጉር ወጣት ናት። ሁለቱን ሳጥኖች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እዚህ ግቢ ውስጥ ደካማው ቦታ የት እንደሆነ እንድሞክር ኃላፊው ፈቅዶልኝ ነበር» አለች። «የይለፍ ቃላችሁን ሁለት ቀን ሙሉ ታገልኩት፤ አልተከፈተም። ጎበዞች ናችሁ። ዛሬ ጠዋት ግን በእነዚህ ገባሁ።»

ፕላስተሩን ልጣ ሳጥኖቹን ገለበጠቻቸው። ባዶ ነበሩ።

የተቀበልኩት ሳጥን መቅለሉን እጄ አውቆ ነበር፤ ለእኔ ሳይነግረኝ ቀረ እንጂ። ግድግዳው ላይ የሰርቨሩ ፎቶ መጣ። ጎኑ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቀይ ወረቀት ተለጥፋለች።

«ይቺ ወረቀት ፍላሽ ብትሆን ኖሮ፣ አሁን የሁላችሁንም ፋይል ቤቴ ቁጭ ብዬ አነብ ነበር። ከክፍሉ የወሰድኩት ምንም የለም። አንድ ነገር ትቼ ወጣሁ እንጂ። እዚህ ከተማ ጭነት የተሸከመን ሰው ማንም ማነሽ አይልም፤ ያግዛል።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ጆሮዬ ነደደ። መናደድ ነበረብኝ፤ ግን እውነቱን ለመናገር በጣም ነው ያደነቅኳት። ምንም ሳይጎድል የሚፈጸም ስርቆት እንዳለ ያወቅኩት በዚያች ደቂቃ ነው። ዘመኔን ሁሉ የቆምኩት በበሩ በአንደኛው በኩል ብቻ ኖሯል።

ኃላፊው ግን ከፊት ወንበር ተነሳ። አፉ ይስቃል፣ ፊቱ አይስቅም። ጸሐፊዋን «የጠዋቱ ተራ የማን ነበር?» አላት። ነገረችው። እትዬ ከጤና ጣቢያ ተመልሳ ሁለት ፔርሙስ ይዛ በሩ አጠገብ ቆማለች። በዕድሜ ስለምትበልጠው አንቱ ነው የሚላት።

«እርስዎ፣ ሲያልቅ ቢሮ ይምጡ።»

«ማንም አይቀጣም ብለን ተስማምተን ነበር» አለች ተናጋሪዋ።

«እንነጋገርበታለን» አላት።

እትዬ አልነበርኩም ብትል ያለፈቃድ ሥራ ጥላ መሄዷ ይወጣል፤ ነበርኩ ብትል በሩን የከፈተችው እሷ ትሆናለች። በየትኛውም ከሥራ ልትባረር ትችላለች። ወደ እኔ ዞር ብላ እንኳ አላየችም። እንዳትጠቁመኝ ብላ መሆኑ ገባኝ፤ እሱ ነው የጎዳኝ።

«ጥያቄ ያለው?» ተባለ። ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጬ እጄን አወጣሁ። ማይክሮፎኑን ሲሰጡኝ ከአፌ አራቅኩት።

«ቁልፉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።»

«አይሰማም! ድምፅ!» አለ አንዱ ከመሀል።

ያንኑ ከባድ ነገር እንደገና፣ በጩኸት መናገር ነበረብኝ። «ቁልፉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ! እትዬ ልጇ አሞት ጤና ጣቢያ ወስዳው ነው። ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። በሩን የከፈትኩትም እኔ ነኝ።»

ተናጋሪዋ እስከ መድረኩ ጫፍ ድረስ መጣች።

«እሷ ናት» አለች። «ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ስወጣ ቦርሳዬን ፈተሸችኝ። ስንት ቢሮ እንዲህ እያደረግኩ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ ስወጣ የፈተሸኝ ሰው የለም። ለምን ፈተሽሽኝ?»

ስለ ቡናው ነገርኳት። እዚህም እዚያም ሳቁ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን አላሳቀቀኝም።

«ታዲያ ስገባስ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«እጅሽ ሞልቶ ነበራ።»

እሷ አልሳቀችም። «አሁን ብመጣ ምን ታደርጊያለሽ?»

ትንሽ አሰብኩ። «ሳጥኑን እቀበልሻለሁ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ አስቀምጬ ግን ማን እንደላከሽ ደውዬ እጠይቃለሁ።»

«በቃ» አለች ወደ ሕዝቡ ዞራ፣ «ለሃያ ደቂቃ ያዘጋጀሁትን እሷ ጨረሰችልኝ።»

ቢሮ የገባነው ሦስታችን ነን፤ ተናጋሪዋ ማንም ሳይጠራት ተከትላን ገባች። ኃላፊው ሥራ ጥሎ መሄድም፣ ቁልፍ ለሌላ ማስያዝም ጥፋት ነው አለ። ትክክል ነበር። ተናጋሪዋ ደግሞ ሰው ለእንዲህ ያለ ስህተት ከተባረረ ቀጣዩ የሚሳሳት ሰው ይደብቃል፣ ያኔ ማንም ምንም አያውቅም አለችው። ኃላፊው በመጨረሻ ቁልፉን ከሁለታችንም ወሰደና ለእያንዳንዳችን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። ከሥራችን አልወጣንም።

ኮሪደሩ ላይ እትዬ ደብዳቤዋን ዘረጋችልኝ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም።

«አንብቢልኝ።»

ቀስ ብዬ አነበብኩላት።

«ያንቺስ?»

የእኔንም አነበብኩ።

«እኩል ነው የተቆጣን?»

«እኩል ነው፣ እትዬ። ስሙ ብቻ ነው የሚለየው።»

«እንግዲያው ደህና ነው» አለችና ወረቀቷን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው። ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «አሁን ተንቀሳቀሽ፤ ሌቦቹ ሻይ አልጠጡም።»