ራስ ምታት ነው ብዬ ያስጸለይኳችሁ ልጄ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ልመሰክር ብዬ እጄን ሳወጣ ብዙዎቻችሁ ስለ ልጄ ስለ ሊዲያ ፈውስ የምናገር መስሏችኋል። ስለ እሷ ነው የምናገረው። ግን አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሊዲያን ራሷን አሟት አያውቅም።

አምና ሦስት ቀን ጾማችሁላታል። እህቶች ቤቴ ድረስ መጥታችሁ እጃችሁን ጭናችሁ ጸልያችሁላታል። እኔም አጠገባችሁ ቆሜ አሜን እል ነበር። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ደርሳ ፊደል መለየት አቅቷት ነበር። የአስተማሪ ልጅ ማንበብ አቃታት ከምትሉ፣ ታማለች ብትሉ መረጥኩ። ይቅር በሉኝ።

ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ታውቁ ዘንድ ወደ ኋላ ልመለስ። ከአምስት ዓመት በፊት እዚሁ መካነ ሰላም ከተማ ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር ሰዓዳ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። ቁርኣን ቤት በጆሮዋ የሰማችውን ሁሉ በቃሏ ትወጣዋለች ይባል ነበር። እኔ ክፍል ግን «ሰ»ን «ለ» ትላለች፣ «በ»ን «ከ» ትላለች። ሰነፍ ናት ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን ሰሌዳ ፊት አቁሜ አንድ ቃል አንብቢ አልኳት። ፊደሎቹን አቀያይራ አነበበች። ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ወገኖቼ። ከዚያ፣

«አንቺ ለትምህርት አልተፈጠርሽም፤ ሂጂ ለእናትሽ ውሃ ቅጂላት» አልኳት።

ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። በማግስቱ አልመጣችም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣችም። ቤቷ ሄጄ አልጠየቅሁም። እንዲያውም ደካማ ተማሪ ቀነሰልኝ ብዬ ደስ አለኝ። በዚያው እሑድ እዚህ መድረክ ላይ ከመዘምራን ጋር ቆሜ ዘምሬያለሁ። ስሜ በአባላት መዝገብ ላይ ነበር፤ ልቤ ግን ጌታን አያውቀውም ነበር።

ሊዲያ ትምህርት ስትጀምር እቤት ላስጠናት ቁጭ አልኩ። «ሰ»ን «ለ» አለችኝ። ልክ እንደ ሰዓዳ። በትዕግሥት ልይዛት ሲገባኝ ሰደብኳት፣ ጆሮዋን ቆነጠጥኳት። ልጅቷ አልጋዋን ማርጠብ ጀመረች። ባለቤቴ ብርቱካን እያለቀሰች ልጄን አትግደልብኝ ትለኝ ነበር።

በመጨረሻ ደሴ ወስደን አስመረመርናት። ዶክተሩ ዓይኗንም ጆሮዋንም አይቶ ደህና ናት አለን። መድኃኒት ይዘዝላት ብዬ ለመንኩት።

«መምህር፣ ልጅዎ አልታመመችም» አለኝ። «ፊደል የምትይዝበት መንገድ ከሌሎቹ ይለያል። በትዕግሥት የሚያስጠናት ሰው ይፈልጉላት።»

ስንት ዓመት ያስተማርኩት ሰውዬ አስጠኚ ፈልግ ተባልኩ። 

ብርቱካን ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ገበያ ላይ ስታጠያይቅ ዘይነባ ስለምትባል ወጣት ሰማች። ዘይነባ ኮሌጅ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ተምራ የመጣች፣ ማንበብ ያቃታቸውን ልጆች እቤቷ የምታስጠና ናት። ሊዲያን ይዘን ሄድን። ዘይነባ «አብሽሩ፣ ይግቡ» ብላ ተቀበለችን። ሰፌድ ላይ የገብስ ዱቄት በትና ሊዲያ በጣቷ እየጻፈች ድምፁን እንድታወጣ አደረገች። ሊዲያ ተሳሳተች። ወዲያው ሁለት ጆሮዎቿን በእጆቿ ሸፈነች። ለምን እንደሸፈነች ከእኔና ከእናቷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ያኔ አንዲት ልጅ ከጓዳ ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እጆቿንም ቀስ አድርጋ ከጆሮዋ ላይ አወረደችላት።

«ቀስ በይ» አለቻት፣ «እዚህ ማንም አይሰድብሽም።»

ቀና ስትል ፊቷን አየሁ። ሰዓዳ ናት። አድጋለች። እሷም አወቀችኝ፤ ግን ወደ ሊዲያ ተመለሰች። ዘይነባ ልጅቷ የእሷ ታናሽ እህት መሆኗን ነገረችን። ይህን ትምህርት የመረጠችውም አንድ አስተማሪ እህቷን ሰድቦ ከክፍል ስላስወጣት መሆኑን ጨምራ አወጋችን። አስተማሪው ማን እንደሆነ አታውቅም ነበር፤ ሰዓዳ ስሜን ለማንም አልተናገረችም።

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ስልክ ልደውል ብዬ ዋሽቼ ወጣሁ።

ከግቢው ውጪ አጥሩ ሥር ስደርስ መንገደኛ እያየኝ ተንበረከክሁ። ጌታ ሆይ፣ ስምህን ስዘምር ኖሬ አላውቅህም አልኩት። ለወራት ልጄን ፈውስልኝ ስል የኖርኩት ሰውዬ፣ ያን ቀን እኔን ፈውሰኝ አልኩ። ወገኖቼ፣ ጌታን ያገኘሁት እዚያ ነው። ስሙ ይባረክ።

ተመልሼ ገባሁና ያ አስተማሪ እኔ ነኝ አልኩ። ዘይነባ ፊቷ ተለዋወጠ። «ይቅርታውን እኔን አይጠይቁኝ፤ የተሰደበችው እሷ ናት» አለችኝ። ሰዓዳ እግር ላይ ልወድቅ ስል ወደ ኋላ ሸሸች።

«አይንኩኝ፣ ቲቸር» አለች። ቀጥላም፣ «ሌሎቹን ልጆች ግን አያስወጧቸው» አለችኝ።

ወንድሞች፣ ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም። እስካሁንም አላለችኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም። ዘንድሮ ትምህርት እንደገና ጀምራለች፤ በዕድሜ ከሚያንሷት ልጆች ጋር ነው የምትማረው። በመንገድ ስንገናኝ በአንገቷ ሰላም ትለኛለች። ለእኔ ይህም ብዙ ነው።

ሊዲያን ዘይነባ ማስጠናቷን ቀጠለች። እኔም ጥግ ላይ ተቀምጬ እንዴት እንደሚያስጠኑ ከእሷ ተማርኩ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤታችን አንድ ክፍል ተፈቅዶልን አብረን እናስጠናለን። ልጄ አልጋዋን ማርጠብ ትታለች። ፊደል ዛሬም ይምታታባታል፤ ቀስ ብላ ነው የምታነበው። ባለፈው ሳምንት ዋናው መንገድ ላይ ቆማ፣ ሁለቴ ተሳስታ፣ በሦስተኛው «ዳቦ ቤት» የሚለውን ጽሑፍ አነበበችልኝ። እዚያው አቅፌያት አለቀስኩ። ክብር ለጌታ ይሁን።

ልጃችሁን ከሰው ዓይን የደበቃችሁ፣ ወይም እንደ እኔ የሰው ልጅ ያሳቀቃችሁ እዚህ ካላችሁ፣ እኔ ለመምከር አልቆምኩም፤ አፌ አይደፍርም። ግን ጌታ እፍረቴን እንደተሸከምኩ ስመጣ አልገፋኝም። እመኑት፤ እናንተንም አይገፋም። ልጃችሁንም ቅዳሜ ጠዋት ይዛችሁ ኑ። ገና በር ላይ ስትደርሱ የምትቀበላችሁ ሊዲያ ናት።