ብርድ ልብስ ነጣቂዋ

ትናንት ጠዋት ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን በሚኒባስ እየመጣሁ ነበር... ማስክ አድርጌ፣ ሻርፕ እስከ ቅንድቤ ተጠቅልዬ። ለብርዱ አይደለም። ፊቴን ገልጬ ሰው መሀል መግባት ከተውኩ ሰነበትኩ።

ለማያውቅ ልንገረው። ደብረ ብርሃን ባለው የተፈናቃዮች መጠለያ ልጆች አስተምራለሁ። እዚያ እማማ አለሚቱ የሚባሉ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ አሮጊት አሉ። አንድ ቀን ከሰል እየሞቁ ሳለ የለበሱት ብርድ ልብስ ጫፉ እሳት ያዘ። እሳቸው አላዩትም። «ይልቀቁት!» ብዬ ጮህኩና መንጭቄ መሬት ላይ ጣልኩት፤ ረግጬም አጠፋሁት። እማማ እጄን ይዘው መረቁኝ።

ከድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ይቀርጽ የነበረው ሰው ግን የለጠፈው ስመነጭቅ የሚያሳየውን ብቻ ነው። ከላዩ «የተፈናቃይ ብርድ ልብስ ነጣቂዋ አስተማሪ» ብሎ ጻፈበት።

በቃ... አገር ፈረደ። ከመልኬ ተነስቶ ዘሬን የገመተ አለ፤ ከአለባበሴ ተነስቶ ምግባሬን የተናገረ አለ። ከስሩ እውነቱን ብጽፍ «ደግሞ አፍ አላት!» ተባልኩ። ከሥራ ታገድኩ። አባቴ ቄስ ነው፤ እናቴ የሰውን ዓይን ፈርታ ቤተ ክርስቲያን መሳም ተወች። እማማ አለሚቱን ግን እስከ ዛሬ «ምን ሆነው ነበር?» ብሎ የጠየቃቸው አንድ ሰው የለም።

ትናንት የምሄደው እገዳዬን የሚያይ ኮሚቴ ፊት ለመቅረብ ነበር። ወይ ወደ ልጆቼ እመለሳለሁ፣ ወይ እባረራለሁ።

አጠገቤ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ተቀምጠዋል፤ ጭናቸው ላይ እንቁላል የሞላ ዘንቢል። ስልካቸውን አወጡና ድምፁን እስከ ጥግ ከፈቱት።

«ይልቀቁት!»

የራሴ ጩኸት ነው።

«አየሻት ይቺን ጉድ?» አሉኝ በክርናቸው ጎሸም አድርገው።

«አየኋት።»

«እኔኮ ከራሴ አልጋ ላይ ገፍፌ ነው ለነዚያ ምስኪኖች ብርድ ልብስ የሰጠሁት። ይቺ ትንጠቃቸው?»

ክፉ ሰው ቢሆኑ በቀለለኝ። የጠሉኝ በደግነታቸው ነው።

«የተማርሽ ትመስያለሽ። እስቲ ከስሯ ጻፊልኝ፤ እኔ ማየቱን እንጂ መጻፉን አልችልበትም።»

«ይጻፍላት ማዘር! የኔንም ጨምሪበት!» አለ ረዳቱ ከበሩ በኩል።

ስልኩን ተቀበልኩ። ለምን እንደተቀበልኩ እስካሁን አልገባኝም... ደክሞኝ ይሆናል።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እናትሽ ምነው ድንጋይ በወለደች በይልኝ።»

ጣቴ ቆመ። የዚያን ዕለት ጠዋት ሻርፑን ያሰረችልኝ እናቴ ናት። «ማንም እንዳያውቅሽ» ብላ፣ ጫፉን ሁለቴ ቋጥራ።

ጻፍኩት።

«አንብቢልኝ እስቲ።»

አነበብኩላቸው።

«ጎሽ! እጅሽ ይባረክ።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ውስጤ ተበጠሰ። የእናቴን ቋጠሮ ፈታሁ። ማስኩን አወለቅኩ።

«እትዬ... ይዩኝ። እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ስልኩን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ እንደገና ስልኩን አዩ። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። ይቅርታ ይሉኛል ብዬም ጠበቅሁ... አልዋሽም።

ሳቁ።

«ሂጂ ወዲያ! አንቺና እሷ? ፊቷን እይው እንጂ፣ ጭካኔዋ ያስታውቃል። አንቺ የሰው ልጅ ነሽ።»

«እኔ ነኝ እኮ! ብርድ ልብሱ እሳት ይዞት ነው! አሮጊቷን ለምን አትጠይቁም?»

«አይደለችም ማዘር» አለ ረዳቱ አንገቱን አስግጎ እንደ ዳኛ መርምሮኝ። «ያቺ ማልቀስ የምታውቅ አትመስልም።»

እያለቀስኩ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

«ምነው ልጄ» አሉኝ ሴትዮዋ ረጋ ብለው፣ «ለማትረባ ሴት ብለሽ ነውሯን ትሸከሚያለሽ?» ስልካቸውን ከእጄ ወሰዱና ያቺን ቀስት ተጫኑ። መጻፍ ባይችሉም መላኩን ያውቁበታል።

መናኸሪያ ስንወርድ ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው «የወለደችሽ ማሕፀን ይባረክ» አሉኝ። እናቴ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰው አፍ፣ ተረገመችም ተመረቀችም።

ኮሚቴው ፊት የቀረብኩት ፊቴን ሳልሸፍን ነው። ሁሉንም ተናገርኩ። «እማማ አለሚቱን ጥሩልኝ» አልኩ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህቴ፣ ሕዝቡ የሚለውንም ማየት አለብን እኮ።» ስልኩን ወደ እኔ አዞረ። ከሁሉም በላይ ያለው፣ ላይክ እየዘነበለት ያለው አዲስ ኮሜንት... «እናትሽ ምነው ድንጋይ በወለደች።»

«እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። እሱንም አላመኑኝም።

ውሳኔው ለሰኞ ተቀጥሯል። ሰኞ እማማ አለሚቱን ደግፌ፣ የተቃጠለውን ብርድ ልብስ በክንዴ ይዤ እገባለሁ። ያባርሩኝ ይሆናል... ቆሜ ነው የምባረረው።

ማስኩን ግን ጥዬዋለሁ። ስንት ቀን ደበቅኩት ይህን ፊት... ለካ የሚያውቀው ሰው የለም።