ጅብ የሌለበት ተረት

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚገኘው ደረጃ ተወርዶ ነበር። እኛ ሦስተኛ ፎቅ፣ እማማ ማሪያማ አንደኛ ፎቅ፤ ሕንፃው ሊፍት የሌለው፣ ኮሪደሩ የስንቱን አገር ወጥ አንድ ላይ የሚሸት አሮጌ አፓርትመንት ነበር። ያኔ ሰማንያዎቹ ዓመታት ነበሩ፣ ሲያትል ውስጥ ሐበሻ በጣት የሚቆጠርበት ጊዜ። አባቴ መንገድ ላይ ሐበሻ የሚመስል ሰው ካየ ያለ ፌርማታው ከባስ ወርዶ ሰላም ይል ነበር፤ አንዳንዴ ሰውየው የሌላ አገር ሰው ሆኖ ይገኛል፣ እንዲያም ሆኖ ተጨባብጠው ይለያያሉ። ዊንተር ሲገባ ደግሞ ከትምህርት ቤት ተመልሰን ጫማችንን ሳናወልቅ ይጨልማል። እማማ ማሪያማ መብራታቸውን የሚለኩሱት በዚያች ሰዓት ነበር።

መብራት ስል የኤሌክትሪኩን ማለቴ አይደለም። እስከ ጉልበቴ የምትደርስ የነሐስ ኩራዝ ነበረቻቸው። የኮኮናት ዘይት ያፈሱባታል፣ ክሯን ይለኩሳሉ፣ ያማትባሉ፣ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ከዚያ ሁላችንም ምንጣፉ ላይ እንቀመጣለን። ጭሷ ቀጭን ነበረች፣ ብስኩት የሚጋገር ይመስል ሽታዋ ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ጣሪያው ላይ ያለው የእሳት አላርም አይወዳትም ነበር። ሳይታሰብ ይጮኻል። ያን ጊዜ ታናሼ ቴዲ ወንበር ላይ ወጥቶ በጋዜጣ ያራግብለታል። ሥራው ይህ ነበር፣ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም።

እማማ ማሪያማ ሕንዳዊት ናቸው። ነርስ ከሆነችው ልጃቸው ከሱሲ ጋር ይኖራሉ፤ ሱሲ ማታ ማታ ሆስፒታል እየሠራች ቀን ትተኛለች። ከእናቴ ጋር የተዋወቁት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። አንድ ዓርብ ምስር በኮኮናት ሠርተው በሳህን አመጡላት፤ እናቴ ጾም ነውና እጇን እያወዛወዘች አልበላም አለች። እሳቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር፣ ዓርብን፣ በጣታቸው ነኩ፤ አማተቡ፤ ምስሩን አሸተቱና ቅቤ የለበትም ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቴ ሕንድን የምታውቃት ዘፈንና ልቅሶ ከማይለየው ፊልማቸው ነበር፤ ሕንድ ዓርብን ይጾማል ብሎ የነገራት የለም። «በይ ጠይቂልኝ፣ እኛም ኦርቶዶክስ ነን ነው የሚሉት?» አለችኝ። ጠየቅኩ፣ አዎ አሉ። ሶ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እማማ ሆኑ፣ አንቱ ሆኑ፣ የኛ ሆኑ።

ቋንቋቸው ግን እኔ ነበርኩ። እማማ ማሪያማ ቀስ ባለ እንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። እናቴ ተረት ያለ ወጉ አይሰማም ባይ ስለሆነች «ተረት ተረት» ሳልል አታስጀምረኝም፤ እሷና ወንድሞቼ «የላም በረት» ይላሉ፤ በኋላ እማማም ለምደውት «ተሬት ተሬት» እያሉ ራሳቸው ይጀምሩ ነበር።

ከዚያ ይቀጥላሉ። አንድ አገር ነበር፤ መሬቱ ጠባብ፣ ውሃው ብዙ፣ ሰዉ እንደ ኮኮናት ፍሬ ተጠጋግቶ የሚኖርበት። በዚያ አገር አያቶች ዘጠኝም አሥርም ይወልዱ ነበር፣ ከወለዱትም ግማሹን ይቀብሩ ነበር። ታዲያ አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት ቦርሳ አንግባ በየጎጆው መዞር ጀመረች፤ ማን ወለደ፣ ማን አተኮሰው፣ ውሃ አፍልታችሁ ነው ወይ የምትጠጡ፣ ትላለች። በመጀመሪያ ሰው ዶሮ ልትሰርቅ ነው ብሎ ውሻ ለቀቀባት። እሷ ግን በማግስቱ ዳቦ ለውሻው ይዛ ተመለሰች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሕፃናቱ መትረፍ ጀመሩ፤ እናቶች «አንዱ ቢሞት አንዱ ይተርፋል» ብለው በፍርሃት መውለዳቸውን ተዉ፤ የአያቶቹ ልጆች አምስት፣ የእነሱ ልጆች ደግሞ ሁለት ብቻ ይወልዱ ጀመር።

ሌላም ነበር። በዚያ አገር ሴቶች ልጆች በሙሉ ትምህርት ቤት ስለሚሄዱ አሮጊቶች እንኳ ጋዜጣ ያነባሉ። አንድ ቀን የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ተዘግቶ ቢያገኙት ሴቶቹ ድስታቸውን ይዘው የሹሙ በር ላይ ተቀመጡ፤ እዚያው ቀቀሉ፣ እዚያው በሉ፣ ልጅ አጠቡ፤ ሹሙ ቁልፉን ይዞ እስኪመጣ አልተነሡም። እናቴ በዚህች ስትስቅ እንባዋ ይወርድ ነበር።

«ተረቱ ቆንጆ ነው» ትላለች ወደ ላይ ስንወጣ፣ «ግን ጅቡ መቼ ነው የሚመጣው?»

በዚያ ዓመት ትንሹ ያሬድ ተወለደ። አራተኛ ልጅ መሆኑ ነው፣ የመጀመሪያዋ እኔ። እናቴ ዳውንታውን ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፣ አባቴ ቱክዊላ የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል፤ ፈረቃቸው ሁልጊዜ ማክሰኞና ሐሙስ ይጋጫል። በእነዚያ ቀናት ያሬድ በብርድ ልብስ ጀርባዬ ላይ ይታሰራል፣ እኔም ከትምህርት ቤት እቀራለሁ። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ልጅ በዕድሉ ያድጋል፣ ያሬድ እስኪድህ ብቻ ነው፣ አንቺ ጎበዝ ስለሆንሽ ትደርሺባቸዋለሽ ይለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ኮል ሲደረግ እናቴ «የስ፣ የስ፣ ታንክ ዩ» ብላ ትዘጋለች። በመጨረሻ አስተማሪዬ እንዲህ ከቀጠልሽ ሦስተኛ ክፍልን ትደግሚያለሽ አለችኝ። ቤት ገብቼ ነገርኳቸው። አባቴ ትንሽ አሰበና፣ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መማር ምን ክፋት አለው፣ ይበልጥ ይገባሻል አለ። ወንድሞቼ ሳቁ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ፤ ጓደኞቼ አራተኛ ክፍል ሲገቡ እኔ ከትንንሾቹ ጋር ስቀር ታየኝ። እናቴ ራሷ ፊደል ሳትቆጥር የቀረችው ታናናሾቿን ስታዝል ነው፤ እንዲህ ነው እንጂ ሌላ መንገድ ያለ አይመስላትም ነበር።

ከዚያ አንድ ምሽት፣ ያሬድን እንዳዘልኩ፣ ኩራዟ ዙሪያ ተቀምጠን ነበር። እማማ ማሪያማ በጀልባ ትምህርት ቤት ስለምትሄድ ልጅ ይነግሩናል፤ ጀልባው ሲንገዳገድ ልጅቷ እሷ ብትረጥብም ሰሌዳዋን ውሃ እንዳይነካው ብላ በሁለት እጇ ወደ ላይ ታነሣዋለች፣ እጇ ስለተያዘ ደግሞ ወንዙ ውስጥ ትወድቃለች። ሱሲ ለሥራ ነጭ ልብሷን ለብሳ ቆማ ሩዝ ትበላ ነበርና በሳቅ ትን አላት።

«ያቺ ልጅ እኮ እኔ ነኝ» አለች። «እናቴም ስለ ሰሌዳው ነው የጮኸችው፣ ስለ እኔ አይደለም።»

እናቴ «ምን አለች?» አለችኝ፤ ተረጎምኩላት። አስደገመችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ሱሲ አዙራ በእኔ በኩል መጠየቅ ጀመረች። አገሩ አለ? አለ፣ ኬረላ ይባላል፣ በደቡብ ሕንድ ያለ ክፍለ ሀገር ነው። ነጭ የለበሰችውስ? ነበረች፣ እኔን ነርስ ልሁን ያሰኘችኝ እሷ ናት። ጋዜጣ የሚያነቡት አሮጊቶችስ? ሱሲ በማንኪያዋ ወደ እናቷ አመለከተች። የሹሙ በር ላይ የተቀመጡትስ? እማማ ማሪያማ ይህን ራሳቸው መለሱ፤ ጃንጥላ ይዤ ፊት ለፊት ነበርኩ፣ የቀቀልነው ካሳቫ የሚባል ሥራ ሥር ነበር፣ ጨው ረስተን ነበር አሉ።

እናቴ ዊንተሩን ሙሉ ተረት መስሏት ነበር። በተረት አገር ሁሉም ይሆናል፤ ጦጣ ትዳኛለች፣ ቀበሮ ትመነኩሳለች፣ ሴት ልጅ ሁሉ ትማራለች፣ ማን ይጠይቃል? አገሩ እውነት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እናቴ ወደ ፊት ተጠጋች፣ ገበያ ላይ ዕቃ እንደምትፈትሽ ሰው ዓይኗን አጠበበች።

«እንግዲያውስ ንገሩኝ» አለች። «እነዚያ ሴቶች ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ሕፃናቱን ማን ያዘ?»

ስተረጉመው እማማ ማሪያማ፣ መጀመሪያ ማንም አልያዘላቸውም አሉ። በኋላ ሰፈሩ አንድ ዳስ ሠራ፣ ተራ የደረሳት ሴት የሁሉንም ሕፃናት እዚያ ትይዛለች፣ ሩዝ ታበላቸዋለች፤ ቆይቶ መንግሥትም ገባበት፤ በየቤቱ የሚታዘለውም ልጅ እያነሰ መጣ። «ከዚያ በፊት ግን» አሉና እኔን አዩኝ፣ «በደንብ ንገሪያት። እኔን ያዘለችኝ ታላቅ እህቴ ነበረች። እሷ ማንበብ ሳትችል ሞተች። እኔ ማንበብ የቻልኩት በእሷ ጀርባ ነው።»

ይህን ወደ አማርኛ ስመልስ ያሬድ ጀርባዬ ላይ ያንኮራፋ ነበር። እናቴ እሱን አየች፣ እኔን አየች።

እማማ ማሪያማ እጃቸውን ዘረጉ። ማክሰኞና ሐሙስ ልጁን እኔ እይዘዋለሁ አሉ፤ ሱሲ ቀን ስለምትተኛ እሳቸው ቤት አይሆንም፣ ስለዚህ እኛ ጋ ወጥተው ይይዙታል። እናቴን ይሉኝታ ያዛት። በዚህ ዕድሜያቸው ሦስተኛ ፎቅ አስወጥቼ፣ ልጅ ላሸክማቸው? አይሆንም፣ ሰው ምን ይለኛል አለች።

«የቱ ሰው?» አለ ቴዲ ወንበሩ ላይ ቆሞ። እውነቱን ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሕንፃ ውስጥ እኛን የሚያማ አንድ ሐበሻ አልነበረም።

እናቴ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ተነሥታ መጣችና ደረቴ ላይ የታሰረውን የብርድ ልብሱን ቋጠሮ ራሷ ፈታችው።

አባቴ ማክሰኞ ጠዋት እማማ ማሪያማ ጉልበታቸውን እየረገሙ ደረጃውን ሲወጡ አግኝቷቸው «ታንክ ዩ» እያለ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄደ አጅቦ አስገባቸው። እኔ ወደ ትምህርት ቤት ስሮጥ ጀርባዬ በረደኝ፤ ክፍል ውስጥም ተቀምጬ ሳላስበው እጄን ወደ ኋላ እየሰደድኩ እዳብስ ነበር። ሦስተኛ ክፍልን አልደገምኩም። እማማ የጠየቁኝ ነገር ቢኖር ስመለስ የተማርኩትን እንድነግራቸው ነው። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት ተራኪዋ እኔ ሆንኩ፤ ስለ ጁፒተር ጨረቃዎች ነገርኳቸው፣ አንድ ጨረቃ በቂ ነው ብለው ተከራከሩኝ። እናቴም ጥቂት ቆይታ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በቅዳሜ የጀመሩት የፊደል ትምህርት ላይ ከእኔ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጠች፤ እኔም አማርኛ መጻፍ የለመድኩት እዚያው ነው፤ እጄ እስከ ዛሬ ቀርፋፋ ነው።

አሁን እኔም እናት ነኝ፣ የአንዲት ልጅ። ፍርሃት አይለቀኝም። ተኝታ ዝም ካለች ትንፋሿን አዳምጣለሁ፣ ካሳለች ደግሞ ለምን አሳለች እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ያገኙኛል፣ ሁለተኛውስ መቼ ነው ይሉኛል፤ መልስ ሳልሰጥ እናቴ ደርሳ «ይበርዳል፣ እንሂድ» እያለች ትጎትተኛለች። ቴሌቪዥን ላይ ስለ ሕዝብ ብዛት ሲያወሩ የወሊድን ቁጥር በመስመር ያሳያሉ፣ የዚህ አገር ወጣ፣ የዚያ አገር ወረደ ይላሉ። ባለቤቴ ኢንጂነር ስለሆነ፣ ቤልቪው ነው የሚሠራው፣ መስመሩን ደህና አድርጎ ያስረዳኛል፣ እኔም ኦኬ እላለሁ። ግን መስመሩ ወደ ታች መውረድ በጀመረበት ቦታ ላይ ለእኔ የሚታየኝ አንዲት እናት ጎንበስ ብላ ቋጠሮ ስትፈታ ነው።

ልጄ ከፍ ስትል ይህንን እነግራታለሁ። በእንግሊዝኛ እየመለሰችልኝ፣ ተረት መስሏት ትሰማኝ ይሆናል። ይምሰላት። ብቻ ሰምታ ዝም አትበል፣ ትጠይቀኝ።