የጥቁሩ ሽቦ ቦታ

አሮጌ ሬዲዮ ሲግል በላዩ የተኛው አቧራ የሚሸተው ሽታ ዛሬም ከአንዳንድ ጥገና ቤት በር ላይ ሲቀበለኝ ሳልገባ እመለሳለሁ።

በደርግ ጊዜ፣ ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ አባባ የሬዲዮ ጥገና ባለሙያ ስለነበር ሰፈሩ «ኢንጂነር» እያለ ይጠራው ነበር። የራሳችን ሬዲዮ ግን የመክፈቻው ፕላስቲክ ከተሰበረ ዓመት አልፎት፣ የሚከፈተው ባዶውን የብረት ዘንግ በጣት ይዞ በማዞር ነበር።

በጋውን እንዲሁ አለፍነው። ክረምት ገብቶ የሳሎኑ ሲሚንቶ ሲረጥብ ግን፣ እማዬ በባዶ እግሯ ሄዳ ዘንጉን ስትነካ እየጮኸች እጇን ትሰበስብ ጀመር። «ይነዝረኛል» ትል ነበር። እንዳትተወው ታናሽ ወንድሟ ጦር ሜዳ ስለነበር የሁለት ሰዓት ዜና ሳትሰማ ማደር አይሆንላትም። ወፍራም የጎማ ሶል ያለውን ጫማውን ቤት ውስጥም የማያወልቀው አባባ፣ ዘንጉን ጨብጦ ይስቅባት ነበር። ከዚያ የኤሌክትሪክ መለኪያውን ያመጣና ጥቁሩን ሽቦ ከሬዲዮው የብረት አካል ላይ አያይዞ፣ ቀዩን ዘንጉ ላይ አስነክቶ፣ መርፌው ዜሮ ላይ ሲቀር ለጎረቤት ያሳያል። «ዜሮ! መሣሪያ አይዋሽም፤ የምትዋሽ ሴት ናት» ይልና፣ ሰው እያየ ደግማ እንድትነካው ያዛታል። ትነካለች፣ ትንዘፈዘፋለች፣ ይስቃሉ። አባባን እጠላው ነበር።

አንድ የነሐሴ እሁድ እማዬ እንደገና ስትታዘዝ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል የነበረችው እህቴ ሶስና ብድግ አለች። «አባባ፣ እርስዎ ሬዲዮውን ከራሱ ጋር ነው የሚያስተያዩት። አካሉም ዘንጉም እኩል ኤሌክትሪክ ከያዙ በመሃላቸው ምን ልዩነት ይገኛል? እማዬ የቆመችው መሬት ላይ ነው፤ ከመሬት ይለኩት!» አለችና፣ ጥቁሩን ሽቦ ነቅላ በመስኮቱ ሥር ወደ መሬት ከሚገባው የውኃ ቧንቧ ጋር አያያዘችው። ቀዩን ዘንጉ ላይ ስታስነካው መርፌው ተወርውሮ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ላይ ቆመ።

ማንም አልሳቀም። አባባ ሶስናን በጥፊ አላጋት፤ «የተበላሸው ቧንቧው ነው» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ግን ብቻውን መስሎት የሬዲዮውን ስፒና ከግድግዳው ነቅሎ፣ ሁለቱን እግሮች አገላብጦ መልሶ ሲሰካው ከበሩ ሥር ሆኜ አየሁት። ጥፋቱ ይኸው ብቻ ነበር፤ ተገልብጦ ሲሰካ የሬዲዮው አካል በሙሉ ኤሌክትሪክ ይሸከማል። እንደ ሶስና አድርጎ ከቧንቧው ለካው፤ መርፌው አልተነሳም። ከዚያ እማዬን ጠራት።

«ነይ ንኪው።»

በጣቷ ጫፍ ነካችው። ምንም የለም። ደግማ ነካችው፣ ከዚያም አንገቷን ደፍታ «የእኔ ነገር! በከንቱ አስቸገርኩዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው።

«ልማድሽ ነው» ብሏት ወደ ሥራው ሄደ። ያየሁትን ስነግራት «አባትህን አታዋርድ» ብላ ተቆጣችኝ።

መስከረም ጠብቶ ሲሚንቶው ሲደርቅ፣ ሰፈሩ ሁሉ ኢንጂነሩ ሚስቱን ከቅዠቷ እንዳዳናት ያወራ ነበር።

ዛሬ አባባ የለም፣ ሬዲዮውም ተጥሏል፣ ሰፈራችንም ፎቅ በፎቅ ሆኗል። በቅርቡ እማዬን አሟት ኢምፔሪያል ሆቴል አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ሆዷን ጫን አድርጎ «እማማ፣ እዚህ ጋ ያምዎታል?» ሲላት ፊቷ በሥቃይ ተጨማደደ፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞር ብላ «ያመኛል እንዴ ልጄ?» ብላ ጠየቀችኝ።